«ስትራት ግዙ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው

አይቤክስ ባንድ ያጀበውን የማህሙድ አህመድን «ኧሬ መላ መላ» (1975 እ.ኤ.አ.) ሰምታችሁ ጊታር ካማራችሁ፣ መጀመሪያ የሚደርሳችሁ ምክር «ለድሮ ድምፅ ስትራቶካስተር ግዙ» የሚል ነው። ግን ለምን?

ፒክአፕ ማለት ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የብረት ክሩ ሲርገበገብ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የማሲንቆ የፈረስ ጭራ በዚህ ፒክአፕ ድምፅ የማይሰጠውም ለዚህ ነው። ነጠላ ጥቅል ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ችግሩ የመብራቱን 50 ኸርዝ እምምታም አብሮ ይለቅማል። ሃምበከር ሁለት ጥቅል አጣምሮ እምምታውን ያጠፋል፤ ከጥራቱም ትንሽ ይቀንሳል።

ምክሩ የሚስተው እዚህ ጋ ነው፦ ስትራቱም፣ ቴሌካስተሩም፣ ፒ-90ውም ነጠላ ጥቅል ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ይለያያል። ወሳኙ የጥቅሉ አሠራርና ቦታው እንጂ ስሙ ብቻ አይደለም።

ደልጊ ሆናችሁ፣ ሰርግ ላይ ጄኔሬተር አጠገብ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ባለ ሦስት ጥቅሉን ምረጡ። የመካከለኛው ሽቦና ማግኔት የተገለበጡ መሆናቸውን ግን ጠይቁ፤ ከጎረቤቱ ጋር ሲከፈት እምምታው ይጠፋል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት አምፕሊፋየር ላይ ሰኩት፣ ክሩን ሳትነኩ አዳምጡ።