ነፃ ከተባለች በኋላ፦ «ድፍረት» እና የቆላው ተመልካች

የፍርድ ቤት ፊልም ልብ የሚሰቅለው ብይኑ እስኪሰማ ድረስ ነው ይባላል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ መተማ፣ ቋራ ወይም ገንዳ ውሃ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ግን ጭንቁ የሚጀምረው በሰው መግደል የተከሰሰችው ልጅ ነፃ ከተባለች በኋላ ነው። ዳኛው «ነፃ ነሽ» ሊል ይችላል። የሟች ወንድም ግን ዳኛው ፊት አልቀረበም፤ ጠመንጃውም ትከሻው ላይ ነው። ይህ ዳሰሳ ፊልሙ በአገራችን የሕግ ድራማ ውስጥ ያለውን ቦታ የሚመዝነው ከዚህ ስጋት ተነሥቶ ነው።

ታሪኩ የታወቀ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ስታመልጥም ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለች። ጉዳዩን የያዘው በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። በፊልሙ ጠበቃዋን መዓዛን ሜሮን ጌትነት፣ ሂሩት የተባለችውን ልጅ ትዝታ ሐገሬ ተጫውተዋቸዋል። ፊልሙ በጥር 2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ።

የአሜሪካ የፍርድ ቤት ፊልም ኃይሉ ያለው ከችሎት ንግግር ነው። ሲድኒ ሉሜት በ1957 እ.ኤ.አ. በሠራው «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» እንዳየነው፣ የሰው ሕይወት አንድ ክፍል ውስጥ በተቀመጡ ተራ ዜጎች አንደበት ላይ ይንጠለጠላል። በእኛ አገር የወንጀል ችሎት እንዲህ ያለ ሸንጎ የለም፤ የሚወስነው ዳኛ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ደራሲ ያንን ስልት እንዳለ ቢያመጣው ንግግሩ የሚያርፍበት ጆሮ ያጣል። ዘረሰናይ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። የችሎቱን ትዕይንት አሳጥሮ ሙግቱን ዛፍ ሥር ወደ ተቀመጡት ሽማግሌዎች ወስዶታል። የፊልሙ ምርጥ ጽሕፈትም እዚያ ነው። የሟች ወገን ደም ይፈልጋል፤ አባት ስለ ልጁ ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ ይመዝናሉ። ማንም ሞኝ ወይም ጨካኝ ሆኖ አልተሣለም። ሁሉም የሚናገረው ለመንደሩ ሰላም አስቦ መሆኑ ነው ትዕይንቱን የሚያስፈራው።

ለዚህ ዓይነቱ ትዕይንት የጎንደር ተመልካች ባዳ አይደለም። በበልሃ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪው ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ቃሉ ቢታበል የሚከፍለውን ማር ወይም በቅሎ እየተወራረደ ይሟገት ነበር፤ መንገደኛውም ዳኛ ሊሆን ይጠራ ነበር። ንግግሩን የሚመዝን ሕዝብ ሲኒማ ከመምጣቱ በፊትም ነበረን። የሜሮን ጌትነት አተዋወን ያንን ወግ ያስታውሳል፤ ቃል ትወረውራለች፣ መልሱን ሳትጠብቅ ቀጣዩን ታዘጋጃለች። ትዝታ ሐገሬ ደግሞ በተቃራኒው በዝምታ ትሠራለች። ጠበቃዋ ስትጠይቃት ወዲያው አትመልስም፤ ዓይኗን ታሸሻለች፤ መልሷም ሲመጣ አጭር ነው። የመናገር መብት ተሰጥቷት የማታውቅ ልጅ መሆኗን ከየትኛውም ቃለ ምልልስ በላይ የሚነግረን ይህ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ፊልሙን ከስብከት አድኖታል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቆላው ልመለስ። በምዕራብ ጎንደር ሰው የገደለ ሰው «ደም አለበት» ይባላል። ደም ያለበት ሰው የሚሄድበት መንገድም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፦ ቆላ ይወርዳል፣ ጫካ ይገባል፣ ሲብስም ወደ ሱዳን ይሻገራል። የቋራው ካሣ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ በዚሁ ቆላ ሸፍቶ ነው ኃይል ያበጀው። ሽፍትነት እንግዲህ ከሕግ መሸሻ ብቻ አልነበረም፤ ስም መትከያም ሆኗል። ግን የወንድ መንገድ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ጠመንጃ ይዛ ጫካ ልትገባ አትችልም፤ ዘመድ አይከተላትም፣ አዝማሪም አያወድሳትም። ለሂሩት የቀራት መውጫ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የዚህ ፊልም የፍርድ ቤት ታሪክ መሆን የዘውግ ምርጫ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ ሌላው በር ሁሉ ለሴት ልጅ ዝግ ነው።

ሕጉ ራሱ እንኳ በዚያን ጊዜ ግማሽ በር ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ አገባችው ከተባለ ክሱ ይቀር ነበር። አሁን ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጋብቻው ከቅጣት እንደማያድንም በግልጽ ይደነግጋል።

የፊልሙ ድክመት ያለው ጥርሱን ሊያሾል ሲቸኩል ነው። ጠበቃዋ የፍትሕ ሚኒስትሩን እስከ መክሰስ የምትደርስበት፣ ማኅበሩም የሚታገድበት ክፍል ውጥረቱን ያከርረዋል። በእውነቱ ዓለም ግን ማኅበሩ የታገደው ከዓመታት በኋላ፣ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ በሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ጉዳዮች ማዋሐድ ለድርሰት የተፈቀደ ነው፤ ዋጋው ግን የትኩረት መዞር ነው። የልጅቷ ክስ የጠበቃዋ ክስ ይሆናል፤ እኛም ስለ ሂሩት መጨነቃችንን ትተን ስለ ተቋም እንጨነቃለን።

በዚህ መዞር የተዘለለው የመንደሩ ጉዳይ ነው። በጎንደር ቆላ ደም የሚደርቀው በሥርዓት ነው። ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ወደ ሟች ቤት ይመላለሳሉ፤ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ካሣ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል። አርሲም ጉማ የሚባል የራሱ የደም ዕርቅ ሥርዓት አለው። ይህ ሳይሆን የተሰጠ የነፃነት ብይን ለተከሳሹ የወህኒ በር ይከፍትለታል እንጂ የቤቱን በር አይከፍትለትም። እውነተኛዋ ባለጉዳይም በፍርድ ቤት ነፃ ብትባልም ሽማግሌዎቹ ከመንደሯ እንድትርቅ ፈርደዋል። ፊልሙ የመራቋን ነገር ያውቃል፤ የሚያውቀውን ያህል ግን አይቆይበትም፤ ወደ ድሉ ይቸኩላል።

በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ የነበረው ፊልም በፍርድ ቤት ትእዛዝ መቆሙን ብዙዎች አሳዛኝ አጋጣሚ አድርገው ወስደውታል። አቤቱታው የመጣው ታሪኩ ከተወሰደባት ሴት ወገን ነበር። ደም ሲደርቅ ያየ የቆላ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም፤ የተበደለው ወገን ሳይቀመጥበት የተበላ የዕርቅ ማዕድ አያስርም። ዘረሰናይ ፊልሙ ውስጥ ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ፣ አድምጦ፣ ክብር ሰጥቷቸዋል፤ ባለታሪኳ የጠየቀችውም ያንኑ መቀመጫ ነበር።