«ፋስት» የዘነጋው ዓይን

ስትሮክን ለመለየት በመላው ዓለም የሚነገረው «ፋስት» በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር ለአምቡላንስ ሠራተኞች የተዘጋጀ ማስታወሻ ነው። የፊት መጣመም፣ የክንድ መዛል፣ የንግግር መተሳሰር፣ ከዚያም ጊዜ። በእንግሊዝኛ የአራቱ ቃላት መነሻ ፊደላት «ፈጣን» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ስለሚሠሩ አይረሱም። ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን ፊት፣ ክንድ፣ ንግግርና ጊዜ ተደርድረው ቃል አይሆኑም፤ የሚተርፈው ዝርዝሩ ብቻ ነው። ዝርዝር ብቻ ከሆነ ደግሞ ምን እንደያዘና ምን እንደተወ መጠየቅ ይገባል።

የተወው ዓይንን ነው። ምክንያቱም የደም ቧንቧዎች አቀማመጥ ነው። ፊትን፣ ክንድንና ንግግርን የሚያዙት የአንጎል ክፍሎች በአብዛኛው ደም የሚያገኙት ከካሮቲድ፣ በተለይም ከመካከለኛው የአንጎል ደም ቧንቧ ነው። የዕይታ ማዕከል የሚገኝበት የአንጎል የኋላ ክፍል ግን በብዙ ሰው ዘንድ ደሙን የሚቀበለው ከሁለቱ ቨርቴብራል ቧንቧዎች ተነሥቶ በባዚላር በኩል ከሚያልፈው፣ ከኋለኛው የአንጎል ደም ቧንቧ ነው። ይህ ቧንቧ ሲደፈን ሕመምተኛው ፊቱ ሳይጣመም፣ እጁም ሳይዝል የዕይታውን ግማሽ ሊያጣ ይችላል። በአገራችን የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃ በመሆኑ፣ ከልብ የተነሣ የረጋ ደም እዚያ ቢደርስ ታካሚው የግድ አረጋዊ ላይሆን ይችላል።

በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥናት ክፍተቱን በቁጥር አሳይቷል፤ በደም ቧንቧ መደፈን ስትሮክ ከያዛቸው 736 ሕመምተኞች 14.1 በመቶው አንድም የ«ፋስት» ምልክት አልነበራቸውም። ሚዛንና ዓይን ሲጨመሩ የሚያመልጡት ወደ 4.4 በመቶ ወረዱ። «ቢፋስት» የሚባለው የተሻሻለው ማስታወሻ መሠረቱ ይኸው ነው። ምልክት በበዛ ቁጥር ለሕዝብ ማስታወሱ ይከብዳል የሚለው ተቃውሞ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ለጤና ባለሙያ ግን ሰበብ አይሆንም።

ይሁንና «ቢፋስት» ራሱ «ዓይን» ብሎ ማቆሙ ጉድለት ነው። ከጀሞ ወይም ከሃና ማርያም ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው «ግማሽ ዕይታዬ ጠፋ» አይልም፤ «ግራ ዓይኔ ድንገት ፈዘዘ» ይላል። ቃሉ እንዳለ ከተወሰደ የዓይን ሕመምተኛ ሆነ ማለት ነው። የዓይኑ ብሌን ለብርሃን በደንብ ይጠባል፣ የዓይኑ ውስጥም ጤነኛ ይመስላል፤ በከተማው ሌላ ጫፍ ወደሚገኘው ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ቢላክ፣ የረጋ ደም ማሟሟያው የሚሰጥበት 4.5 ሰዓት በመንገድና በወረፋ ያልቃል። አንዱን ዓይን ሸፍኖ በሌላው ማሳየት ነገሩን ይለያል። በሁለቱም ዓይን ግራው ጎን ከጠፋ ችግሩ ከአንጎል፣ በቀኙ በኩል ነው። የጠፋው በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ ደግሞ የሬቲና ደም ቧንቧ መደፈን ይታሰባል፤ እርሱም ቢሆን የስትሮክ ያህል አስቸኳይ ነው። የዓይን ሞራ በአንድ ሰዓት ውስጥ አይመጣም።

በሆስፒታል የሚሠራበት የስትሮክ መመዘኛ ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። ከጠቅላላው 42 ነጥብ ለዕይታ የተመደበው 3 ብቻ ነው፤ የዕይታው ግማሽ ሙሉ በሙሉ የጠፋበት ሰው 2 ያገኛል። በወረቀት ላይ ቀላል የተባለው ይህ ሕመምተኛ በሳሪስ አስፋልት ሲሻገር በግራው የሚመጣውን መኪና አያይም።

«በደንብ ያያሉ?» ብሎ መጠየቅም አይበቃም። ገብርኤል አንቶን በ1899 (እ.ኤ.አ.) እንደገለጸው፣ በአንጎል ጉዳት ምክንያት የታወሩ አንዳንድ ሕመምተኞች መታወራቸውን አያውቁም፤ አያለሁ ብለው ይከራከራሉ። ስለዚህ ምርመራው በጣት መሆን አለበት፤ ከሕመምተኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በአራቱም ማዕዘን ጣት እያሳዩ ማስቆጠር።