«ማካተት» ስለተባለው ስያሜ

የልማት እርዳታ ሰነዶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሁለት ስያሜዎች ተደጋግመው ይገኛሉ፤ እነርሱም «ሥርዓተ ጾታ» እና «ማካተት» ናቸው። የመጀመሪያው በእኛ አስተያየት የተዋጣለት ነው። «ጾታ» በግእዝ ወገንን፣ ዓይነትን የሚያመለክት ሲሆን በሰዋስው ተባዕታይንና አንስታይን ለመለየት ሲያገለግል ኖሯል። «ሥርዓት» ሲታከልበት ነገሩ ከተፈጥሮ ሳይሆን ከሰው ልማድና ደንብ የመጣ መሆኑን ያስረዳል፤ ደንብ ደግሞ ይሻሻላል።

የምንነቅፈው ሁለተኛውን ነው። ጽንሰ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1995 በቤጂንግ ከተደረገው የሴቶች ጉባኤ በኋላ ተስፋፍቶ፣ በ1997 የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ጉዳይ ምክር ቤት ፍች ሰጥቶታል። በፍቹ መሠረት ማናቸውም ሕግና ዕቅድ ለሴቶችና ለወንዶች የሚያስከትለው ውጤት ከመነሻው ይመዘናል። «ማካተት» ግን አስቀድሞ በተሰፋ ከረጢት ውስጥ አንድ ነገር መጨመርን ያሳስባል፤ ከረጢቱ እንዳለ ይቀራል። አንባቢው በዕቅዱ መጨረሻ አንድ አንቀጽ ማከል የሚበቃ ቢመስለው ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ቢቸናና ሞጣ በሚገኙበት በምሥራቅ ጎጃም የስዊድን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለገጠር ልማት ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከተደገፉት ሥራዎች አንዱ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ነበር። የሁለቱ የቀድሞ አውራጃዎች ገበሬዎች በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውመው ሲነሡ፣ መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ይሄዳል የሚል ሥጋት ነበረባቸው። በዚህ አገር በመዝገብ ላይ የሚሰፍር ቃል ቀላል ነገር አይደለም።

የቤት ኃላፊ በተለመደው አነጋገር «አባወራ» ነው፤ ያለ ባል ቤቷን የምታስተዳድረው «እማወራ» ትባላለች። ባለትዳሪቱ ግን በዚህ አከፋፈል የራሷ ስያሜ የላትም። መዝገቡ በ«አባወራ» ተጀምሮ «እማወራ» የሚል ዓምድ ቢጨመርበት፣ ሴቶች «ተካተዋል» እየተባለ ባለትዳሪቱ ከደብተሩ ውጭ በቀረች ነበር። የአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ግን «ባለይዞታ» በሚለው ቃል ሥር የባልንና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ አንድ ላይ አስፍሯል። የተለወጠው ቅጹ ራሱ ነው።

የገንዘቡም አቆጣጠር ከቃል አያመልጥም። በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የልማት እርዳታ ኮሚቴ መለያ መሠረት፣ የጾታ እኩልነት ዋና ዓላማው የሆነ ፕሮጀክት 2፣ ከዓላማዎቹ አንዱ ያደረገው 1፣ ዓላማው ያላደረገው 0 ይሰጠዋል። መካከለኛው በቀጥታ «ጉልህ ዓላማ» ተብሎ ቢተረጐም ለአማርኛ አንባቢ ከ«ዋና» የማያንስ ይመስላል፤ የፕሮጀክቱ ገንዘብ በሙሉ ለሴቶች የዋለ ተደርጎም ይታሰባል። «ተጓዳኝ ዓላማ» ማለት ይሻላል።

ስለ «ማካተት» ደግሞ «በሥርዓተ ጾታ መቃኘት» የሚለውን እናቀርባለን። ክራር ሲቃኝ አዲስ ክር አይጨመርበትም፤ ያሉት ሁሉ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ እንጂ። «ቃኘ» መሰለልንም፣ ዙሪያውን ማየትንም ስለሚያመለክት ፍቹ እንዳይደባለቅ የሚሠጉ ይኖራሉ። «ማካተት»ም በየመሥሪያ ቤቱ ሥር ሰዷል፤ ጨርሶ ይጥፋ አንልም። በእውነት አንድ ነገር ለተጨመረበት ሥራ ይቆይ። ዕቅዱ ከመሠረቱ ካልተቃኘ ግን ተቃኝቷል አይባል።