ከአላይመንት በፊት መዳፍ

በቅርቡ ከኮሌጅ ወጥቶ ኮምቦልቻ ጋራዣችን የገባ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ፊታችን የቆመው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ነው፤ ሁለቱም የፊት ጎማዎቹ በውስጥ ጠርዛቸው ተበልተው ሽቦ ሊያወጡ ደርሰዋል። ሹፌሩ የአላይመንት ወረቀት ይዟል፤ ቁጥሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ልጁ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ጎማውን አየና፣ «ጋሼ፣ ማሽኑ ልክ ነው ካለ ጎማውን ምን በላው?» አለኝ።

ማሽኑ አልዋሸም። መኪናውን የለካው ግን ቆሞ፣ ባዶውን፣ ለስላሳ ወለል ላይ ነው። ጎማው የሚበላው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በዚያች መንገድ ግን መኪናው ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ ይወርዳል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ተደፍቶ፣ እግር ከፍሬን ሳይነሳ፣ ከአንዱ መታጠፊያ ወደ ሌላው።

የነፋስ መብዛትና ማነስ ጎማን ምን እንደሚያደርግ ለሙያ ጓደኞቼ አልተርክም። እኔ የምከራከረው ስለ ላስኮ፣ ስለ መላላት ነው። የፊት እግሩ የላላ መኪና አላይመንት ላይ ማውጣት የባለቤቱን ገንዘብ ማባከን ነው። ይህን ማሽን ላላቸውም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናው በኋላ እግሩ ብቻ ሲሄድ የፊት ጎማዎች ይገፋሉ እንጂ አይስቡም። መሬቱ ወደ ኋላ ስለሚይዛቸው ከፊት በኩል ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ይብሳል። አምራቹ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይጠጉ ያለውም ለዚሁ ማካካሻ ነው። ቴስቲናው ከላላ ግን ያቺ ሚሊ ሜትር ገና ቁልቁለቱ ሲጀመር ታልቃለች፤ ከዚያ በታች ኮምቦልቻ እስኪደርስ ጎማው ወደ ጎን እየተጎተተ ይፋቃል። ማሽኑ ላይ ሲቆም የሚገፋውም የሚይዘውም የለም፤ ተመልሶ ልክ ይሆናል። ፎርዊል ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የፊት ጎማው ራሱ ስለሚስብ ወደ ውስጥ ይዘጋል። አንዱ የላላ መኪና ኮረኮንች ላይ በአንድ በኩል፣ አስፋልት ላይ በሌላ በኩል ጎማውን ይበላል። ለዚህ የሚሆን አንድ ቁጥር የትኛው ማሽን ላይ ይገኛል?

ስለዚህ መዳፌን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ አሳልፋለሁ። ወደ ውስጥ ሲሄድ ለስልሶ ሲመለስ እንደ መጋዝ ከያዘኝ፣ ጎማዎቹ ከፊት ተጠጋግተው ነበር የሚሄዱት። ወደ ውጭ ለስልሶ ወደ ውስጥ ከያዘኝ፣ ተከፍተው ነው። ጠርዙ ተበልቶ በሁለቱም አቅጣጫ ለስላሳ ከሆነ ጎማው አዘንብሏል፤ ወይም ሹፌሩ መታጠፊያ ላይ ፍጥነት አይቀንስም። ጎድጎድ ጎበጥ ካለ አሞርዛተሩን፣ ባላንሱን፣ ኩሽኔታውን እጠረጥራለሁ። የልጁን እጅ ይዤ በዚያ ሃርድቶፕ ጎማ ላይ አሳለፍኩት። ወደ ውጭ ለሰለሰው፤ ወደ ውስጥ ሲመለስ ጥርሱ ያዘው።

ከዚያ መሪው ላይ አስቀምጬው፣ ጎማው መሬት እንደያዘ መሪውን ወዲያ ወዲህ እንዲያደርግ ነግሬው ከሥር ገባሁ። ጣት ቴስቲናው ላይ ሲያርፍ ዓይን ያላየውን ያገኛል፤ የግራው ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። በክሪክ አንስተን ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ነቀነቅነው። ይነቃነቃል። ልጁ «የሞዞ ኩሽኔታ ነው» አለ። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ መነቃነቁ ጠፋ፤ ልጁ ልክ ነበር። ፍሬን ተይዞም ቢነቃነቅ ኖሮ ጥፋቱ ከሞዞው ጀርባ፣ ጎማው ግራና ቀኝ በሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ላይ ይሆን ነበር። እነሱ ሲያልቁ ማሽኑ ካምበሩን በቀይ ያሳያል። የሃርድቶፕ ወጥ አክስል ላይ ግን ካምበር የሚያስተካክል ቡሎን የለም፤ የሚስተካከለው መጠጋቱ ብቻ ነው። ቀዩን ቁጥር አይቶ ቁልፍ የሚያነሳ ሰው ምኑን ሊፈታ ነው? ቴስቲናውን ቀይረን፣ ኩሽኔታውን አጥብቀን፣ መኪናውን ወደ አላይመንት የላክነው ከዚያ በኋላ ነው። ሹፌሩ ሁለተኛ ሊከፍል በመሆኑ ተናደደ፤ እውነቱን ነው።

ሃይሉክስ ሌላ ነው። እሱ ላይ ካምበርም ስለሚስተካከል ማሽኑን አከብራለሁ። ግን የደላንታና የተንታ ድንጋይ ሆዱን እንዳይነካው ፊቱን ከፍ የሚያስደርጉ ባለቤቶች አሉ። ከፍ ሲል የጎማው አቋም ሁሉ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ አላይመንት ያላሠራ ሰው ሳይቆይ አዲስ ጎማ ይገዛል። በክረምት ከኩታበር ጭቃ ወጥቶ ፎርዊሉን ሳያወጣ ደሴ አስፋልት ላይ የሚገባውም እንደዚያው። ሃርድቶፑ ፊትና ኋላውን የሚያስማማ የመሐል ዲፈረንሻል የለውም፤ መታጠፊያ ላይ የፊት ጎማ ሰፋ ያለ ክብ ስለሚዞር ዕዳውን የሚከፍለው ጎማው ነው። ጥፋቱን በደሴ ከፍታ የሚያላክኩም አሉ። ደሴ የተለካ ነፋስ ኮምቦልቻ ሲወርድ በከፍታው ምክንያት የሚጎድለው አንድ ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም፤ እሱንም የኮምቦልቻ ሙቀት ይመልሰዋል።

ጎማን በመዳፍ መዳሰስ ያስተማሩኝ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ፣ የእርዳታ መኪኖች ወሎን በሞሉበት ወቅት፣ አብሬያቸው የሠራሁ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ጎማውን ዳስሼ የተሰማኝን ሳልነግራቸው ክሪክ አያስነኩኝም ነበር። እህል የጫነ መኪና መንገድ ላይ ከቀረ የሚጠብቀው ሰው አለ፤ እሳቸው ጎማ ሲዳስሱ የሚያስቡት እሱን እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። መለኪያችን ጠመኔና ሜትር ነበር። ጎማዎቹ ላይ ምልክት አድርጎ በአክስሉ ከፍታ ከፊት በኩል መለካት፤ መኪናውን ግማሽ ዙር ገፍቶ ያንኑ ምልክት ከኋላ መለካት። ምልክቱ አንድ ስለሆነ ቸርኬው ትንሽ ቢጣመም እንኳ ልኬቱን አያበላሽም።

በ2014 ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲዘረፉ የእኛም ጋራዥ ተራቆተ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ማሽን ቀርቶ ደህና ክሪክ አልነበረንም። የመጀመሪያው መኪና የጤና ጣቢያ ሃርድቶፕ ነበር፤ በሽተኛ ያመላልሳል፤ የፊት ጎማው ተበልቷል፤ መለወጫ ደግሞ በከተማው የለም። መዳፌን ሳሳልፍ እኚያ አዛውንት አጠገቤ የቆሙ መሰለኝ፤ ሌላው ሁሉ ሲወሰድ ይህ እኔ ጋ ቀርቷል ብዬ ያሰብኩትም ያን ጊዜ ነው። ላስኮውን አጠበቅን፣ በጠመኔና በሜትር ለካን፣ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ አዛወርን፤ መኪናው ሥራው ላይ ዋለ።

አሁን ማሽኖቹ ተመልሰዋል፤ እኔም መኪና እልክባቸዋለሁ። የምልከው ግን ላስኮው ከጠፋ በኋላ ነው፤ ያውም ባለቤቱ ዘወትር የሚጭነውን ያህል ጭኖ።