ተቀባይ ያጣ ዜማ፤ ስለ ሐሊም ኤል ዳብ የዛር ድምፅ ሥራ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ ከአቀስታ አልፎ እስከ መካነ ሰላም በሚዘልቀው ደጋ፣ ዜማ ሲባል አውጪና ተቀባይ ያለው ነገር ማለት ነው። በወዳጃ ጉባኤ ድቤው እየተመታ መንዙማ ሲባል፣ በሠርግ ቤትም ጭፈራው ሲደምቅ፣ አንዱ ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል። ያው ቃል ደጋግሞ ቢመላለስ አይሰለችም፤ ተቀባዩ እየሞቀ በሄደ መጠን ቃሉም ሌላ ኃይል ያገኛልና። ስለዚህ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚቀነባበረውን ሙዚቃ «መደጋገሙ ባዕድ ነው» ብሎ መንቀፍ ውሃ አያነሣም። ባዕድነት ካለበት መፈለግ የሚገባው በተቀባዩ ዘንድ ነው።

ለዚህ ምርመራ ከሁሉ የሚቀርበው የግብጻዊው የሐሊም ኤል ዳብ ሥራ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ ከተማ፣ ድምፅን በሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሶ የሴቶችን የዛር ዜማ ቀረጸ፤ ቀጥሎም በራዲዮ ጣቢያ ውስጥ ድምፁን እያስተጋባና ደግሞ እየቀረጸ አዲስ ድርሰት አወጣበት። ፈረንሳዊው ፒዬር ሼፈር በ1948 ካሰማቸው ታዋቂ ሥራዎች በአራት ዓመት ይቀድማል። ዛር ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ሱዳንና ወደ ግብጽ ተሻገረ የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው።

ዛሬ የሚሰማው ቁራጭ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ቃሉ ተፍቋል፤ የቀረው ከድምፁ በላይ የሚንሳፈፈው ማስተጋባት ብቻ ነው። በኖታ ሊጻፍ የማይቻለውን፣ ብዙ ጉሮሮ በአንድነት ሲያዜም የሚወልደውን ግርማ፣ ይህ ሥራ እንደ ያዘ መመስከር ይገባል። ሆኖም የዛር ዜማ መንፈሱን በስሙ የሚጠራ ነው፤ ስሙ ሲፋቅ ጥሪው ይቋረጣል፣ ሴቶቹም ለማን እንደሚቀበሉ አይታወቅም። ውበቱን አልክድም፤ ግን ባለቤት የሌለው ቤት ውበት ነው።

ኤል ዳብ ከ1962 እስከ 1964 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራሩን፣ መሰንቆውንና ዋሽንቱን በአንድ መድረክ ማሰለፉ ትልቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ እዚያም ተመልካቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ አጨብጫቢ ሆነ እንጂ ተቀባይ አልሆነም።

ከዚህ የተለየ መንገድ ያሳየን ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን በቀረጸው ካሴት አኮርዲዮኑ ያወጣል፣ የኤሌክትሪክ ኪቦርዱ ይቀበላል፣ ምቱን መሣሪያው ይጠብቃል። ምቱ እንደ ድቤ መቺ አይሞቅም፤ አኮርዲዮኑ ግን በየመልሱ ጥቂት እየዘገየ ለተቀባዩ ቦታ ይለቃል። ቃል ባይኖርበትም የንግግሩ ሥርዓት አልፈረሰም።

እንግዲህ ወደ መካነ ሰላም አካባቢ መቅረጫ ይዞ የሚወጣ ተማሪ ማይክሮፎኑን በአውጪው አፍ ላይ ብቻ ቢደቅን፣ ከእርሱ ቅጂ በኋላ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ድርሰት ሁሉ ከመነሻው ግማሽ ይሆናል። አንዱ ማይክሮፎን ከጉባኤው ጓሮ፣ ከጨብጫቢዎቹ መካከል ይቀመጥ።