በእጅ የሚያዙ የትምህርት መሣሪያዎችና የመምህሩ ድርሻ፤ የወንጪና የወለንጪቲ ሙከራ ሲመዘን

ታብሌትና ተንቀሳቃሽ ስልክ ለትምህርት ስለሚሰጡት ጥቅም ሲነገር በኦሮሚያ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ የተደረገው ሙከራ በምሳሌነት ይጠቀሳል። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ከጽሑፍ ጋር ላልተዋወቁ አርባ ያህል ሕፃናት በሁለቱ ሥፍራዎች ታብሌት አደለ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደ ገለጹት፣ ሕፃናቱ ያለ አስተማሪ ካርቶኑን ከፍተው መሣሪያውን በደቂቃዎች ውስጥ አበሩት፤ በአምስት ቀን ውስጥም እያንዳንዱ ሕፃን በቀን 47 ፕሮግራሞችን ይከፍት ጀመር፤ በሁለት ሳምንት ደግሞ የእንግሊዝኛን ፊደል በዜማ ይሉት ነበር።

የሕፃናቱ ንቃት የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ የተከፈቱት ፕሮግራሞች ብዛት የሚያስረዳው ሕፃናቱ መሣሪያውን መውደዳቸውን እንጂ ማንበብ መቻላቸውን አይደለም። ኔግሮፖንቴ ራሳቸው ተቀባይነት ካለው መደምደሚያ ለመድረስ ተጨማሪ አንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት እንደሚያስፈልግ አስታውቀው ነበር። ከዜናው ጋር የተሠራጨው ግን አድናቆቱ እንጂ ማሳሰቢያው አልነበረም።

«ያለ አስተማሪ» የሚለው አነጋገርም በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። ታብሌቶቹ ኃይል የሚያገኙት ከፀሐይ ብርሃን ስለ ነበረ የመንደሩ አዋቂዎች አሞላሉን ተምረዋል። አንድ የቴክኒክ ሠራተኛም በየሳምንቱ እየተመላለሰ የማስታወሻ ካርዶቹን ይቀይር ነበር። ለአርባ ሕፃናት ይህን ያህል ድጋፍ ካስፈለገ፣ በአንድ ክፍል ብቻ ስልሳ ተማሪዎችን የሚያስተምር መምህር መሣሪያውን ማን እንደሚሞላለት፣ የተሰበረውን ማን እንደሚጠግንለት፣ ሌሊት የት እንደሚቆለፍበት መጠየቁ ስንፍና ተብሎ ሊቆጠርበት አይገባም። በመንደሩ ሕፃናቱ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው መክፈታቸው እንደ ብልኀት ተመሰገነ። ይኸው ድርጊት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቢፈጸም ግን ተጠያቂው መምህሩ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የቋንቋ ነው። የ1994 እ.ኤ.አ. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ ታብሌቶቹ ሕፃናቱን ለማስተማር የታሰቡት በእንግሊዝኛ ማንበብን ነው። ዳዊትን በቃሉ የሚደግም ልጅ ሁሉ ግእዝ ያውቃል እንደማይባል ሁሉ፣ የባዕድ ፊደል በዜማ የሚል ሕፃንም ገና አንባቢ አልሆነም። በተማሪው ቋንቋ የተዘጋጀ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር የሚሄድ ጽሑፍ የሌለው መሣሪያ ለመምህሩ ሌላ ትርፍ ሥራ ነው።

የሌላ አገር ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። በፔሩ የዚያው ድርጅት ላፕቶፖች በታደሉበት ጊዜ በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው በዚህ ጥናት መሠረት፣ ከ15 ወራት ገደማ በኋላ ላፕቶፕ የደረሳቸው ተማሪዎች በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ካልደረሳቸው ብልጫ አላሳዩም፤ በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ግን መጠነኛ መሻሻል ታይቷል። ስለዚህ መሣሪያው ፍሬ ቢስ ነው ማለት አይቻልም፤ ብቻውን ግን ትምህርቱን አይሸከምም።

ኢትዮጵያም ይህን ለማወቅ እስከ ፔሩ መሄድ አያሻትም። ከ2004 እ.ኤ.አ. አንሥቶ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት ሲተላለፍ መብራት ከጠፋ ትምህርቱ ያመልጥ ነበር። ተማሪዎቹ ባይረዱትም መምህሩ አቁሞ ሊያብራራ አይችልም ነበር። ታብሌት በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ይቆማል፣ ይደገማል፣ ጽሑፍም ያከማቻል። ብልጫው የሚገኘው ግን መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የመወሰን ሥልጣን ለመምህሩ ሲሰጥ ነው።

በመሆኑም ዕቅድ አውጪዎች ከመሣሪያው ግዢ አስቀድመው የኃይል ምንጩን፣ የጥገናውን በጀት፣ የጽሑፉን ቋንቋና የመምህራኑን ሥልጠና በአንድ ሰነድ ላይ ሊያሰፍሩ ይገባል። እነዚህ ካልተሟሉ ጥቂት ታብሌቶችን በመምህሩ እጅ አኑሮ በቡድን ማስተማር ለሁሉም ከማደል ይመረጣል። የወንጪና የወለንጪቲ ሕፃናት የመማር ፍላጎት እንደማይጎድል አሳይተዋል። የሚቀረው ያን ፍላጎት ወደ ንባብ የሚመራ መምህር ማዘጋጀት ነው፤ ይህም በካርቶን ታሽጎ አይመጣም።