ዐሥራ ሁለት ወይስ ሁለት ስድስት?

ባለፈው ክረምት ዲክሲስ የሚባል አገር ልቅሶ ደርሼ ነበር። አንዲት እናት በአማርኛ ሙሾ ሲያወርዱ እኔ ከጋቢዬ ሥር ጣቴን እያጠፍኩ ቀለም እቆጥራለሁ፤ በስድስተኛው ይተነፍሳሉ፣ በቀጣዩ ስድስተኛ ቤት ይመታሉ። ኋላ ነገሩን ብነግራቸው «ልቅሶም ይቆጠራል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። አፈርኩ፤ ቆጠራዬ ግን አልተሳሳተም፤ ስድስት በስድስት የሚሄደው የወል ቤት ነበር።

የፈረንሳዮችን አሌክሳንድሪን የሚያውቅ ሰው የወል ቤትን ሲሰማ «ይኸው የኛው!» ማለቱ አይቀርም። እሱም ዐሥራ ሁለት ቀለም ነው፤ እሱም ስድስተኛው ላይ ያርፋል። ስሙን ያገኘው በ12ኛው መቶ ዘመን ስለ ታላቁ እስክንድር ከተገጠመ ረጅም ግጥም ነው። (እኛም «ዜና እስክንድር» በግዕዝ አለን፤ ግን ስድ ንባብ ስለሆነ ምጣኔ አላወረሰንም።) አሌክሳንድሪን እንግሊዞች ዘንድ እምብዛም አልተመቸውም። ስፔንሰር በ1590 እ.ኤ.አ. የዘጠኝ ስንኝ አንቀጹን መዝጊያ አደረገው፤ ፖፕ በ1711 በመጎተቱ አሾፈበት።

መንግሥቱ ለማ የአማርኛን የግጥም ስልት በ1963 እ.ኤ.አ. በጥናታዊ መጽሔት ላይ ሲመረምሩ የቆጠሩት ፊደል ሳይሆን ቀለም ነው። ለምሳሌ ይህን እኔው የገጠምኩትን ስንኝ እንይ፦

የዲክሲስ ጉም ወርዶ / ገብሱን ሸፈነብኝ

ፊደሉ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ቀለሙ ዐሥራ ሁለት ነው፤ «ዲክ»፣ «ሲስ»፣ «ጉም» አንድ አንድ ቀለም ናቸው፤ ሳድሱ ፊት ያለውን ተደግፎ ይዘጋል። አሁን ዕረፍቱን እናንቀሳቅስ፦

ጉሙ ወርዶ / ገብሱን ይዞ / ቆላ ሄደ

ዐሥራ ሁለቱ አልጎደለም፤ ስድስተኛው ቀለምም እንደ ፊተኛው ስንኝ ቃል ይዘጋል። የሁጎ ተውኔት «ኤርናኒ» በ1830 እ.ኤ.አ. መድረክ ላይ ሲወጣ የወግ አጥባቂዎችን ቁጣ ከቀሰቀሱት ነገሮች አንዱ ከነባሩ ዕረፍት ጋር እንዲህ መጫወቱ ነበር፤ ሆኖም በአራት አራት የተከፈለው ስንኝ አሌክሳንድሪን መባሉ አልቀረም። ለአማርኛ ጆሮ ግን ሁለተኛው ስንኝ የወል ቤት አይደለም፤ ወደ ቡሄ በሉ፣ ወደ አራት በአራቱ፣ ሸርተት ብሏል። ፈረንሳዩ ዐሥራ ሁለትን ይቆጥራል፤ እኛ ስድስትን ሁለቴ። መለኪያችን ሐረጉ እንጂ ስንኙ አይደለም፤ ሰንጎ መገን አምስት በአምስት የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ማዕረጋቸውም ለየቅል ነው። አሌክሳንድሪን የራሲንን ነገሥታት ያናገረ የትራጄዲ ልሳን ነበር። የኛው ስሙ ራሱ «የወል» ነው፤ አዝማሪውም አልቃሿም ሳይማሩት ይገቡበታል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ረዘም ያለ ትንፋሽ ሲሻ እንደ ሁጎ ዕረፍቱን አላፈለሰም። ሐረጉን ራሱን አስረዘመው፤ ስምንት በስምንት። ዛሬ «የጸጋዬ ቤት» የምንለው እሱ ነው።